የባዳቾ ቅጠል

ልጅ ከመወለዱ በፊት እየተመረጠ የሚወለድ ከሆነ፣ ያልተመረጠው የት ይቀመጣል? ምሳውንስ በምን ላይ ይበላል?

ይህን የጠየቅኋት የልጅ ልጄን ሚርያምን ነው። እሷ እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ታጠናለች፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ለክበባቸው የጻፈችውን ታሪክ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። ገና ያልመጣ ዘመን ነው አሉ። በዚያ ዘመን ባለች አንዲት ከተማ ሰው ልጅ ሲፈልግ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቁመቱን፣ መልኩን፣ አእምሮውን ያስመርጣል። መጥፎ የተባለውን ገና ከሥሩ ነቅሰው ያወጡለታል። እንዲሁ በእግዜር ፈቃድ የተወለደ ልጅ ግን ጎደሎ ነው ተብሎ በሌላ በር ይገባል፣ በሌላ ወንበር ይቀመጣል። በሩ ላይ የሰው ደም የሚያነብ ማሽን ቆሟል።

«እና ምሳውን የት ነው የሚበላው?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ፣ ታሪኩ ስለ ምግብ አይደለም።»

«ስለ ምግብ ያልሆነ ነገር የለም ልጄ። በምን ላይ ነው የሚበላው?»

ሳቀችና «እሱን አላሰብኩበትም፣ አንቺ ንገሪኝ» አለች። እኔም አላውቅም። እኔ መቼስ ከተጨነቅሁ አይለቀኝም፤ ያ ስልክ ዓይኗን ያጠፋዋል ብዬ እጨነቃለሁ፣ ባጃጅ ይገለበጥባታል ብዬ እጨነቃለሁ፣ አሁን ደግሞ ገና ላልተወለደ፣ በወረቀት ላይ እንኳ ላልተጻፈ ልጅ ምሳ ተጨነቅሁ። ሰው የሚለይ ማሽን መኖሩ ግን ብዙም አልገረመኝም። በእኛ ጊዜ ማሽን አልነበረም፤ አያቴ ነበረች።

ዘመኑ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። የእኔ ዕድሜ ደግሞ የወተት ጥርስ ነቅለው ጣራ ላይ የሚወረውሩበት። ቤታችን ከሶዶ ገበያ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ከኋላው የእንሰት ጓሮ፣ ከፊቱ አንድ ትልቅ የኮርች ዛፍ። አባቴ ኤርካሎ አስተማሪና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። እናቴ አስካለች በዚያ ሰሞን ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች፤ እንደ አገሩ ወግ ለወራት ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታ ቅቤ ትጠጣለች። ስለዚህ የዚያን ጊዜዋን እናቴን ሳስብ የሚመጣልኝ ድምፅዋ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የማትገባበት ወሬ አልነበረም። ቤቱን የምትገዛው ግን አያቴ፣ የአባቴ እናት ነበረች፤ ሁላችንም «እማ» ነው የምንላት። የመጨረሻ ልጇ አክስቴ ወይንሸት፣ ጉንጯ የሚሰረጉድ፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ፣ ለእኔ ፀጉር የምትሠራልኝ፣ ገና ያላገባች ልጅ ነበረች።

አያቴ ሁለት ኩራት ነበራት። አንደኛው ከቡሽራ ሱቅ የገዛቻቸው፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ የብረት ሳህኖች ናቸው። ዘመዶቻችን ገጠር በእንሰት ቅጠል ሲበሉ እኛ ከተማ ገብተን በሳህን እንበላ ነበር። ሳህኖቹ ተልጠው ጥቁር ጥቁር ብለዋል፤ የእኔማ መሐሉ ላይ የአይጥ ቅርፅ ያለው ልጣጭ ነበረው፣ ስበላ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ኩራቷ ዶሮዎቿ ናቸው፤ እሱን እመለስበታለሁ።

በገበያ ቀን ዋዜማ ባዳቾ የምትባል ሴት ከጉኑኖ በኩል ድስትና ማሰሮ በጀርባዋ አዝላ ትመጣለች። ሸክላ ሠሪ ነች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቿ ከሌላው ሰው ጣት የረዘሙ፣ ስትስቅ ድምፅ የማታሰማ። እኔ በዚያን ጊዜ በሶዶ ከተማ ውስጥ ከባዳቾ የበለጠ የተከበረ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ለምን አትሉም? መንገድ ላይ ስትመጣ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይልላታል። አያቴ ራሷ በአጠገቧ ስታልፍ ነጠላዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ደረቷ ትይዛለች፤ ልክ ጸሎት ቤት ስትገባ እንደምታደርገው። ባዳቾ እንደ እኛ ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ አትጋፋም፤ ከኮርቹ ዛፍ ሥር፣ አየሩ ጥሩ በሆነበት፣ ብቻዋን ትቀመጣለች። ምግቧን እኛው ነን የምንወስድላት። ውሃ ስትጠይቅ በኩባያ አይሰጣትም፤ አያቴ ቆማ ከከፍታ በመዳፏ ላይ ታፈስላታለች፣ ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚያስታጥቡት። ባዳቾ ስትሄድም አያቴ እሷ የተቀመጠችበትን ቦታ አመድ በትና ትጠርገዋለች። ሌላ እንግዳ ሲሄድ እንደዚያ አትደክምም።

ከሁሉም በላይ ግን ቅጠሉ። እኛ ስንትና ስንት ሰው በበላበት ሳህን እየበላን፣ ለባዳቾ ግን ከጓሮ አዲስ የእንሰት ቅጠል ይቆረጥላታል። አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እሳት ሲያሳዩት ሽታው የሚጣፍጥ። አንድ ጊዜ ትበላበትና ይጣላል። በዓለም ላይ በየምሳው አዲስ ሳህን የሚቀርብለት ሰው ንጉሡና ባዳቾ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ቀን አያቴን «እማ፣ እኔ መቼ ነው በቅጠል የምበላው?» አልኳት።

«አፍሽን ያዢ» አለችና ከንፈሬን በጣቷ መታ አደረገችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ለራስ አይመኙም።»

እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። ክብር ሰው ይሰጥሃል እንጂ ለራስህ አትጠይቅም።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ «እሷ የምትበላበትን ካስነወርሽ፣ የምንበላው የሚበስልበት የእሷ ድስትስ?» አለች።

«ድስት እሳት ያነጻዋል» አለች አያቴ።

እኔ ከዚህ የያዝኩት እሳት ድስት እንደሚያጥብ ብቻ ነው። ሸክላ ሠሪዎች በእኛ አገር «ቺናሻ» ተብለው ከሰው እንደሚለዩ፣ ከእነሱ ጋር መጋባት ቀርቶ በአንድ ዕቃ መብላት ነውር እንደነበር፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ እንከን በደማቸው አለ ተብሎ ይታመን እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። እንዴት እንደገባኝ አሁን አወራለሁ።

አያቴ እግሯን ተቃጥላ ነበርና ከሐኪም ቤት ዳና የሚባል ወጣት ድሬሰር ቁስሏን ሊያጥብ ይመላለስ ጀመር። ነጭ ጋዋኑን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ፋሻ ሲጠመጥም አያቴ እንኳ ሕመሟን ረስታ ታያቸዋለች። ቁስሉ ዳነ፤ ዳና ግን መምጣቱን አላቆመም። ወይንሸትም እሱ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን መሠራት አበዛች። አያቴ ይህን ያላየች መስላ ታያለች።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ያሳደገኝ ሚሲዮኑ ነው፣ እማ። ከልጅነቴ ከእነሱ ጋር ነኝ።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ግን ሚሲዮን አይወልድም። ጎሳህ ማን ነው?»

ዳና አፉን ሲከፍት ከተቀመጠበት አግዳሚ ሥር አንድ ነገር ጮኸ። በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣው አውራ ዶሮ ነበር። ሲያወጣው ቤቱ ውስጥ የነበርን ሁሉ ፈዘዝን። ነጭ ነው፤ እንደ ወተት ነጭ፣ ኩክኒው ቀይ፣ እግሩ ቢጫ፣ የእኛን አውራ ዶሮ ሁለት የሚያህል። የፈረንጅ ዶሮ ነው።

«ለእናንተ ነው» አለ ዳና። «ከእማ ሴት ዶሮዎች ጋር ሲዳቀል ዝርያው ይሻሻላል። ጫጩቶቹ ቶሎ ያድጋሉ፣ እንቁላሉም ይተልቃል።»

አያቴ ዶሮውን ተቀብላ ክንፉን ገለጠች፣ ደረቱን ጨበጠች፣ እግሩን አየች። ጎሳ የሚባል ነገር በዚያን ቀን ሁለተኛ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬያችን ሁሉ የዶሮ ሆነ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ቀይ ሆኖ ክንፉ ላይ ነጭ ጠብ ያለበት፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ነገር ያልነካው የሚመስል የድሮው የእኛ ቡኒ ነበር። አያቴ ለየቻቸው። ነጭ ያለባቸውን በቅርጫት ቤት ውስጥ አስገብታ የበቆሎ ዱቄት በውሃ እያራሰች በእጇ ታበላለች። ቡኒዎቹን «እናንተ ወጥታችሁ ጭራችሁ ብሉ» ብላ ወደ ጓሮ ትሰዳለች። ጭልፊት አንዱን ቡኒ ሲወስድ «ይውሰደው፣ ዘሩም እንዲያ ነው» አለች። ነጭ ጠብ ያለበትን ሲያሳድደው ግን መጥረጊያ ይዛ እስከ ዋናው መንገድ ሮጣለች፤ ያን የዳነ እግሯን ይዛ።

ሚርያም ያቺን ከተማ ከየት እንዳመጣቻት ስትጠየቅ «ከምናቤ» ትላለች። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ከእንሰቱ ጓሮና ከቅርጫቱ መሐል ነበረች።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ወይንሸት ጨው ልትገዛ ይዛኝ ወጣች። ጨው የሚሸጠው ከገበያው በር አጠገብ ነው፤ እሷ ግን እየጎተተችኝ ወደ ሸክላው ተራ፣ ወደ ገበያው ጫፍ ሄደች። እዚያ ስንደርስ ዳናን አየሁት። ነጭ ጋዋኑን ክንዱ ላይ እንደያዘ ከድስቶቹ መሐል ተንበርክኮ የባዳቾን ጉልበት ይስማል። «አዬ» አላት፤ በእኛ ቋንቋ እናቴ እንደማለት ነው። ባዳቾ በዚያ ረጅም ጣቷ ጉንጩን ዳሰሰችው፤ ከዘንቢሏ ቆጮ አውጥታ ቆረሰችና እንደ ሕፃን አጎረሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ወይንሸትን አየቻት። ወይንሸት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን ውሃ ሞልቷል።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና ትከሻዬን ይዛ፣ «ጥሩዬ፣ ያየሽውን ለማንም አትናገሪም። ቃል ግቢልኝ» አለች።

«ለእማም?»

«በተለይ ለእማ።»

ቃል ገባሁ። ለምን እንደሆነም ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ዳና የዚያች የተከበረች ሴት ልጅ መሆኑ ከታወቀ የሶዶ ልጃገረዶች ሁሉ ይሻሙበታላ። የቤተ መንግሥት ልጅ በስውር ቤታችን እንደሚመጣ ያህል ደስ አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስገባ አያቴን አይቼ አዘንኩላት፤ ምን ዓይነት ዕድል በሯ ላይ እንደቆመ አታውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ዳና ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለአባቴ የሚናገረው ነገር እንዳለው ተሰማና አባቴ ለምሳ ጠራው። አያቴ ሙቹዋ አሠራች፤ በቅቤ የራሰ፣ ሽታው መንገድ ድረስ የሚሄድ፣ ከቆጮ የሚሠራ የክብር ምግብ ነው። ዳጣው ለብቻው ቀረበ። ዳና ገባ፣ ለሁሉም እጅ ነሳ፣ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። ወይንሸት ደግሞ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያለ ሥራ ትመላለሳለች።

«ጥሩዬ» አለች አያቴ፣ «ለእንግዳችን ጥሩውን ሳህን አምጪ።»

ጥሩው ሳህን አንድ ብቻ ነበር፤ ጠርዙ ገና ያልተላጠ። አነሳሁት፤ አየሁት። ለእኛ ጥሩ ነው፤ ለባዳቾ ልጅ ግን? መልሼ አስቀመጥኩትና በኋላ በር ወጣሁ። ከእንሰቶቹ መሐል ትል ያልነካውን፣ ንፋስ ያልተለተለውን ቅጠል መረጥኩ። በቢላ ቆረጥኩት፤ እናቶች እንደሚያደርጉት እሳት አሳየሁት፤ እስኪለሰልስ፣ አረንጓዴው እስኪጠቁር። ከዚያ በሁለት እጄ ይዤ ገባሁና በዳና ፊት አነጠፍኩት። እጥፋቱን እንኳ በመዳፌ ዳበስ ዳበስ አደረግሁለት።

የቤቱ ሰው ሁሉ ቅጠሉ ላይ አፈጠጠ። ከቅርጫቱ ያመለጡ ጫጩቶች ብቻ በእግራችን መሐል ጭው ጭው ይላሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አያቴ ቀስ ብላ።

«የእንግዳው ነው» አልኳት።

«ሳህኑ የት አለ?»

«ሳህን አይመጥነውም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ምን ሰምተሽ ነው?»

«ለማንም አልናገርም ብዬ ለወይንሸት ቃል ገብቻለሁ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ወይንሸት ባለችበት ግድግዳውን ተደገፈች። አያቴ ወደ እሷ አየች፣ ወደ ቅጠሉ አየች፣ ከዚያ የዳና ጣቶች ላይ ዓይኗ ቆመ። እነዚያን ጣቶች ስንት ቀን አይታቸዋለች። አሁን ግን የማን ጣቶች እንደሆኑ ስታይ አየኋት።

ዳና ላቡን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እማ፣ ልጅቱን ተያት» አለ። «እናቴ ባዳቾ ነች። ድስት የምታመጣልሽ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ይህንኑ ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት፤ እሷ ቀደመችኝ።» ከዚያ ቅጠሉን ወደ ራሱ ሳበ። «ደግሞ በደንብ ነው ያነጠፈችው።»

እኔ በተመሰገንኩ ጊዜ ዝም ማለት አልችልም ነበር። «እማ፣ ደስ አይልሽም?» አልኳት። «ወይንሸትን ሲያገባት የእኛም ዝርያ ይሻሻላል።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሚታነቅ የሚመስል ድምፅ መጣ። እናቴ ናት፤ ሳቋን ልትይዝ እየታገለች «ሆዴን፣ ሆዴን» ትላለች። አባቴ ጢሙን ይዞ ወደ ጣራው ማየት ጀመረ።

አያቴ አልሳቀችም። «ኤርካሎ» አለች፣ «የምትለው የለህም?»

«በየሳምንቱ ስል የምትሰሚውን ነው የምለው፣ እማ። ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን።»

«እሱ ጸሎት ቤት ነው። ይሄ ቤት ነው።»

ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር የማይቸግረው አባቴ፣ በእናቱ ፊት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ያኔ ወይንሸት ከግድግዳው ተላቃ መጣች። ከዳና ጎን ተቀመጠች፤ ከሙቹዋው ቆንጥራ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያው ከቅጠሉ አንስታ ጎረሰች። ስታኝክ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሳችም። እኔ ግን ቅናት ነው የያዘኝ፤ እሷ ከእኔ ቀድማ በቅጠል በላች ብዬ።

አያቴ ተነስታ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከደጅ ግርግር ተሰማ፣ ከዚያ የአውራ ዶሮው ጩኸት። የተቀመጡት ሁሉ ተያዩ። ወይንሸት ማኘኳን አቆመች። ዳና አንገቱን ደፋ።

ደስታዬን አልችለውም ነበር። ልታርድለት ነው ብዬ። ለአንድ ወንድ አማች ከዚህ የበለጠ ምን ይደረግለታል?

ስጦታ መመለስ ሰውየውን መመለስ እንደሆነ ማን ነግሮኝ ያውቃል? እነሱ ሁሉ ያውቁ ነበር። አያቴ የሰጣትን ከመለሰች፣ ዳና ሽማግሌ ቢልክ በር አይከፈትላቸውም፤ ወይንሸትም ከእናቷ ምርቃት ውጭ አታገባም። ነገሩ ሁሉ በዚያ ዶሮ እግር ላይ ታስሮ ነበር።

አያቴ ዶሮውን በብብቷ ይዛ ገባች። እግሩን በገመድ አስራዋለች። በዳና ፊት አስቀመጠችውና «ዶሮህን ውሰድ» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከማት ነበር የምትመስለው። «የሰው ንብረት ቤቴ አያድርም።»

ዳና ዶሮውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«እማ» አለች እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አሁን ሳቅ የሌለበት ድምፅ ነበር። «ዶሮውን ከመለስሽ ጫጩቶቹንም መልሺለት።»

«የምን ጫጩት?»

«የሱ ያለባቸውን ነዋ።»

«እነሱማ የእኔ ናቸው። የእኔ ዶሮዎች እንቁላል ናቸው» አለች አያቴ።

«ግማሻቸው እንግዲህ። ቀዩ ላባ ያንቺ፣ ነጩ የሱ ነው። ቁጭ በይና እየነቀልሽ አካፍይው።»

አያቴ ዝቅ ብላ አየች። ከሁሉ የምትወዳት ጫጩት፣ ቀይ ሆና ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ጭልፊት ሲያሳድዳት መጥረጊያ ይዛ የሮጠችላት፣ ቅጠሉ ላይ ወጥታ ከዳናና ከወይንሸት መሐል የሙቹዋ ፍርፋሪ ትለቅማለች። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ። የማን ነው አላለችም።

ባዳቾ ከበሩ ገብታ፣ ከእኛ ጋር ተቀምጣ፣ በዚያ ባልተላጠው ሳህን የበላችው ወይንሸት ሁለተኛ ልጇን በወለደች ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ አያቴ ቶሎ የምትታጠፍ ሴት አልነበረችም። ከሠርጉ በኋላም መሬት ላይ አመድ መበተኗን ለመተው ዓመታት ፈጅቶባታል፤ መጥረጊያውን አንስታ፣ ትንሽ ቆም ብላ፣ መልሳ ስታስቀምጠው አይቻታለሁ። ጸሎት ቤት ውስጥም ጥግ ላይ መቀመጫቸው የሚለይላቸው ሰዎች ለረጅም ጊዜ ነበሩ፤ አባቴም ያንን ለማስቀረት ሲጣላ ኖረ። ሁሉ ነገር በአንድ ምሳ አላለቀም። ለሚርያም ይህን ስነግራት «እንግዲያው መጨረሻው ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። ስለ መጨረሻው አላውቅም። መጀመሪያውን ግን አይቼዋለሁ፤ የጥርሴን ባዶ ቦታ በምላሴ እየነካካሁ፣ ከቅጠሉ አጠገብ ቆሜ።

ያን ቀን አያቴ ጎንበስ አለች። የዶሮውን እግር ያሰረችበትን ገመድ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠንክሮባት ነበር፤ ዳና ሊረዳት ፈለገና ፈራ፣ እጁን መለሰ። እሷው በጥርሷ ፈታችው። ዶሮውን እንደገና ታቅፋ ቀና አለች።

ወደ ኋላው በር ለመውጣት በዳና አጠገብ ማለፍ ነበረባት፤ ቤታችን ጠባብ ነው። እኔ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ደረቷ እስክትይዝ ጠበቅኋት፤ ለእናቱ እንደምታደርግላት፤ ለሱማ እንዴት ሳታደርግለት ትቀራለች ብዬ። አልሰበሰበችውም። የነጠላዋ ጫፍ በትከሻው ላይ ተጎተተ፣ ጆሮውን ነካ፣ ለአንድ አፍታ የወይንሸት ፀጉር ላይ ቆየና ተከትሏት ሄደ። እኔ ተናደድኩ፤ ለተከበረ ሰው እንዲህ ይታለፋል ወይ ብዬ። ወይንሸት ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ እጁን ዘርግቶ ከቅጠሉ ላይ ቆነጠረ።

አያቴ ነጩን ዶሮ እንደታቀፈች በሩን በክርኗ ገፋችና፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ወደ ሴት ዶሮዎቿ ወጣች።